የፊት ወንበሯ ጥላ

ጥቅምት 6

ለተከበሩ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? የዚያ አገር ብርድ ሽማግሌ አይምርም ይላሉና ወፍራም ካልሲዎን አይጣሉ። ስልክ ብደውል ደስ ባለኝ፤ ግን ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ስልክ ለእርስዎ ጩኸት ብቻ እንደሆነ ልጅዎ ነገረኝ፤ እንደ ድሮው በብዕር መጣሁ። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን ልጅ ሆነን ሲያስተምሩን «ውሸት በእጅ ጽሑፍ ይታወቃል» ይሉን ስለነበር ፈራሁ። ደህና አይደለሁም ጋሼ።

ማስተማር አቃተኝ። ጠዋት የክፍሉ በር ላይ ስደርስ እጀታውን ይዤ እቆማለሁ። የልጆቹ ጫጫታ ከውስጥ ሲሰማኝ ልመለስ ልመለስ ይለኛል። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ አይታኝ «ቲቸር፣ ቁልፍ ጠፋብዎት እንዴ?» አለችኝ። በሩ እኮ አልተቆለፈም።

እኔ እንዲህ አልነበርኩም። እሑድ ማታ ሰኞ የሚናፍቀኝ ሰው ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼ «ይቺ ልጅ ጤናም የላት» ብለው ይስቁብኝ ነበር። አሁን እሑድ ከሰዓት ጀምሮ ለሰኞ የቀሩኝን ሰዓታት እቆጥራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ አንዱ እንደ ዶሮ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ። ዞሬ ልቆጣ ስል ድምፄ እምቢ አለኝና እንባዬ መጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያዘኑልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ሌላው የእኔን ለቅሶ አስመስሎ ተንሰቀሰቀ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው!

የጎረቤት ክፍል አስተማሪዋ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከወጣች ወዲህ፣ ተማሪዎቿን በእኔ ላይ ደርበውብኛል። ለሁለት በተሠራ ወንበር አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ዳይሬክተሩ ግን ይህ አይታየውም። «እስከ ዓመቱ አጋማሽ ክፍሉን ካልያዝሽ መጻሕፍት ቤት ትገቢያለሽ» ብሎኛል። እዚያ የሚያነብ ሰው ገብቶ አያውቅም፤ ሥራው አቧራ ማራገፍ ነው። ከማስተማር ሌላ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ከክፍል ካስወጡኝ ሞቻለሁ ማለት ነው።

አንድ ደስታ ቢኖረኝ፣ ከጎረቤት ክፍል ከመጡት ልጆች መካከል የልጅ ልጅዎ ሚጢጢ መገኘቷ ነው። ቁርጥ እርስዎን! ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጇ ሽቅብ ይወጣል። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እውነቱን ልንገርዎ፣ እጀታውን ይዤ ስቆም ወደ ውስጥ የምታስገባኝ እሷ ነች። አባቷ እርስዎ ዘንድ ነው፤ እናቷም የልብስ ፋብሪካው በጨለማ አስወጥቶ በጨለማ ነው የሚመልሳት። ስለዚህ ልጅቷ ከትምህርት በኋላ እኔ ጋ ትቆያለች፤ ደብተር ትሸከምልኛለች፤ ታጫውተኛለች። ከዚህ በታች የጻፈችልዎት አለ።

እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻሉት? የሚያውቁትን አይደብቁኝ።

ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለአስተማሪዬም፣ ረጅም ዕድሜ እየለመንኩ፣
ጠመኔ

አባባ፣ የፊት ጥርሴ ወለቀ። አባዬ ሳያየው ወለቀ በለው። ቲቸር ድምጿ ሲጠፋ እኔ ነኝ የማነብላት።


ኅዳር 2

ይድረስ ለጠመኔ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁልሽ ቀጭንና ቶሎ ተሰባሪ ስለነበርሽ ነው፤ ዛሬም እንዳልተሳሳትኩ አየሁ።

እኔ አለሁ። ልጄ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ማታ ገብቶ የቀረበለትን በልቶ ይተኛል። እኔ በመስኮት የማላውቃቸውን ሰዎች ሳይ እውላለሁ። በዚህ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሚጢጢ «አባባ» ብላ የጻፈችውን ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። በየደብዳቤሽ ግርጌ አስጽፊልኝ፤ አደራ።

ወደ ነገርሽ ልግባ። ጽሑፍሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ተማሪ ፊት የሚያለቅስ አስተማሪ ሳሙና ነው፤ ሁሉም እጁን ይታጠብበትና ያልቃል። አንቺ እንዲወዱሽ ትፈልጊያለሽ፤ በሽታሽ እሱ ነው። ከሕፃን ፍቅር የሚለምን ሰው ሕፃን ይጫወትበታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ አለንጋም ይዤ አላውቅም። ያም ሆኖ ክፍሌ ውስጥ ዝንብ ስትበር ትሰማ ነበር። «የጋሼ ግርማ ሞገስ!» ይሉ ነበር። ምን ግርማ ሞገስ አለኝ? ብልሃት ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ግን ሥጋዬ ነሽና እነግርሻለሁ።

እኔ «ጥላ ማድረግ» እለዋለሁ። ከክፍሉ አንድ ልጅ ትመርጫለሽ። አትመቺውም፣ አትቆጪውም፣ አታስወጪውም። አታዪውም፤ በቃ። ስም ስትጠሪ ስሙን ትዘያለሽ። እጁን ሲያወጣ በላዩ አልፈሽ ከኋላው ያለውን ትጠይቂያለሽ። ደብተሩን ሳታርሚ ትመልሻለሽ። ቢያናግርሽ ሄደሽ መስኮት ትዘጊያለሽ። ምክንያቱን ለማንም አትንገሪ፤ ጥፋቱን ካወቁት ከጥፋቱ ይጠነቀቃሉ እንጂ አንቺን አይፈሩም። ትንሽ ሲቆይ ልጆቹ ራሳቸው እሱን ማየት ይተዋሉ። ከዚያ እያንዳንዱ «ተረኛው እኔ እሆን?» እያለ ጭጭ ይላል። አንድ ማገዶ ይነዳል፤ ቤቱ በሙሉ ይሞቃል።

አመራረጡ ላይ ግን ልብ በይ። ሰነፉንና ረባሹን እንዳትነኪ፤ እነሱ መናቅን ለምደውታል። የሚወድሽን ምረጪ። «እሱን እንኳ እንዲህ ካደረገች እኛንማ!» ይላሉ። ደግሞ ትምህርት ቤት መጥቶ የሚጮህለት ሰው የሌለው ይሁን፤ አባቱ ሩቅ፣ እናቱ ከሥራ የማትላቀቅ። ማን እንደሆነ ለእኔም እንዳትነግሪኝ፤ ጥላ ስሙ ከተነሳ ተመልሶ ሰው ይሆናል። አንዴ ከጀመርሽ ማቋረጥ የለም። ግማሽ ምሕረት ሁለቱንም ያበላሻል።

ሚጢጢን ዘመዴ ናት ብለሽ እንዳታሞላቅቂያት። ክፍል ውስጥ ዘመድ የሚባል የለም። አንቺንም አላዳላሁልሽም፤ ታውቂዋለሽ።

ወኔውን ይስጥሽ፣
ጋሼ


ታኅሣሥ 1

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? የጉልበትዎን ነገር ሳይነግሩኝ በመቅረትዎ ቅር ብሎኛል።

ደብዳቤዎን አንብቤ ቀደድኩት። «ይህ ሰው ልብ የለውም» አልኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው። ከዚያ ቁርጥራጩን ለቅሜ፣ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ እንደገና አነበብኩት።

ለጥቂት ቀናት ተውኩት። በኋላ ዳይሬክተሩ ክፍሌ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። እሱ ባለበት እንኳ የወረቀት እንክብል ጀርባዬን ይመታኝ ነበር። ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ «የመጻሕፍት ቤቱን ቁልፍ አስቀርጬልሻለሁ» አለ፤ በልጆቹ ፊት። ሳቁብኝ ጋሼ። ሁሉም ሳቁ፤ ከአንዲት በቀር። በማግስቱ ስም ስጠራ አንድ ስም ዘለልኩ።

«ቲቸር፣ እኔስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁ። መዝጊያው ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠኝ።

ምክርዎን አንድ በአንድ ይዤ ወንበሮቹን በሙሉ ዞሬ አይቻለሁ። ያሉትን ሁሉ የሚያሟላ አንድ ልጅ ብቻ ነው የተገኘው። ሌላ ቢኖር ሌላ በወሰድኩ። እንዳልነግርዎ አስጠንቅቀውኛልና ስም አልጠራም።

ከኋላ የሚጮኸው ዶሮ ዝም ብሏል። በሩ ላይ የምቆምበትም ጊዜ አጥሯል።

ሚጢጢ ዛሬ አልጻፈችም። ፈተና ስለደረሰ ነው።

በአክብሮት፣
ጠመኔ


ታኅሣሥ 24

ይድረስ ለጠመኔ፣

አላልኩሽም? ዶሮው ዝም ካለ እንቁላሉም ይመጣል። በርቺ። መዝጊያው ከእጅ ማምለጡ የጀማሪ ነው፤ እንደ ጫማ ነው፣ እስኪለመድ ይቆረቁራል።

ከእኔ ጥላዎች አንዱን ላስታውስሽ፤ አጠገብሽ ይቀመጥ የነበረውን፣ «ፉጨት» ትሉት የነበረውን። ወፍ የመሰለ ልጅ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እያፏጨ ነበር የሚመጣው። ከሁሉም ይልቅ እኔን ይወደኝ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ፉጨቱን ተወ። ክፍሌ ግን እንደዚያ ዓመት ያለ ውጤት አምጥቶ አያውቅም። አንቺም ከአንደኞቹ ነበርሽ፤ ስለዚህ ብልሃቱን አትናቂው፣ ፍሬው ነሽ።

ሚጢጢ ምነው ዝም አለችኝ? ፈተና አንድ መስመር አያስጽፍም እንዴ? ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቼ ቀይ ሹራብ ልኬላታለሁ። ልኩን በግምት ነው የገዛሁት። ስትለብሰው ምን እንደምትመስል ጻፊልኝ፤ እሷም «አባባ ደረሰኝ» ትበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደህና ሁኚ፣
ጋሼ


የካቲት 28

ለተከበሩ ጋሼ፣

በመዘግየቴ አይቆጡኝ። ጊዜ አጥቼ ነው፤ ደግሞ ለመልካም ነው።

መጻሕፍት ቤት መግባቴ ቀርቷል። ዳይሬክተሩ ሌሎቹን አስተማሪዎች እየሰበሰበ በመስኮት ክፍሌን ያሳያቸዋል። «ይህን ነው የምላችሁ» ይላቸዋል። ለሚመጣው ዓመት ጀማሪ አስተማሪዎችን እኔ እንዳሠለጥን ታጭቻለሁ። እንቅልፌ ተመልሷል። ድምፄ ጠርቷል። በሩ ጋ ስደርስ ሳልቆም እገባለሁ። እንዲያውም ልንገርዎ፤ ስገባ አንድ ላይ ጸጥ ሲሉ ደስ ይለኛል። ሰውነቴን የሚያሞቅ ደስታ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በፍቅር የለመንኩትን በአንድ ስም አገኘሁት።

አንድ ነገር ግን ላጫውትዎ። ጥያቄ ስጠይቅ የሚመልስልኝ ጠፋ። የሚሳሳት ሰው እንደሚታይ፣ የሚታይ ሰው ደግሞ እንደሚመረጥ ያስባሉ መሰለኝ። ባለፈው ሳምንት ልፈትናቸው ብዬ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አቀርቅረው ገለበጡ። እነዚያ የሚያውቁት እንኳ ገለበጡ። በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል አንዲት እጅ ብቻ ወጣች፤ ከፊት። የጥላዬ እጅ ነች። ስህተቴን ልታርመኝ ነው። እንዳላየሁ ሆኜ ወደሚቀጥለው ሒሳብ አለፍኩ። ሃምሳ አራቱ በየደብተሩ እንዳለ ነው።

ሹራቡ ደርሷል። ለብሳዋለች። ትንሽ ይሰፋታል።

ጠመኔ


መጋቢት 22

ይድረስ ለጠመኔ፣

ጤና ይስጥልኝ። ነገር ሳላበዛ ልጠይቅሽ።

ልጄ ትናንት ከሚጢጢ እናት ጋር በስልክ ተነጋገረ። እንደነገረኝ ከሆነ ልጅቷ ቤት ውስጥ አትናገርም። ሲጠሯት ቶሎ አትዞርም። እናትየዋ አንድ ማታ ከሥራ ስትገባ ከበሩ ኋላ ቆማ አገኘቻት። «ምን ትሠሪያለሽ?» ብትላት፣ «እማ፣ ታይኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ የልጅ ጨዋታ መስሏት ስቃ አለፈችው። ልጄም ስቆ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አንቺ አስተማሪዋ ነሽ። በየቀኑ አጠገብሽ ናት። ማን አስቀየማት? ልጆቹ ናቸው? የሚመታት አለ? ጥርት አድርገሽ ጻፊልኝ። የእሷን ጽሑፍ ካየሁ ይኸው ከረመ፤ በየደብዳቤው ግርጌ እፈልጋለሁ፣ ባዶ ነው። እርሳስ አስይዢያትና አንድ ቃል አስጽፊያት።

ጋሼ

የመረጥሽው ልጅ ማን ነው?


ሚያዝያ 10

ለተከበሩ ጋሼ፣

ስም እንዳልነግርዎ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ከጠየቁኝ ግን እነግርዎታለሁ።

«የሚወድሽን ምረጪ» አሉኝ። ዶሮ በሚጮህብኝ፣ ወረቀት በሚወረወርብኝ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር ማን ይወደኝ ነበር? «አባቱ ሩቅ ይሁን» አሉኝ። አባቷን ከእሷ አርቄ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ? ከአገር ሲወጡ «ሽማግሌ ብቻውን አይሰደድም» ብለው ይዘውት የሄዱት እርስዎ ነዎት። «እናቱ ከሥራ የማትላቀቅ» አሉኝ። እናቷ ትምህርት ቤታችንን በቀን ብርሃን አይታው አታውቅም። «ክፍል ውስጥ ዘመድ የለም» አሉኝ። ይህን እንኳ ባይጽፉልኝ ኖሮ ምናልባት አልደፍረውም ነበር። ተማሪዎ ነኝና ያሉኝን አደረግኩ።

ጥርት አድርገሽ ጻፊ ብለዋል፤ ልጻፍልዎ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከትምህርት በኋላ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር፤ ደብተሮቹን ልትይዝልኝ እጆቿን ዘርግታ። አጠገቧ አልፌ እሄዳለሁ። ትንሽ ትከተለኛለች። በኋላ መከተሉን ተወች። ከዚያ ደብተሯ ላይ «ቲቸር ምን አጠፋሁ?» ብላ ጽፋ ለእርማት አስገባች። ሳላርም መለስኩላት። ሹራብዎ የመጣ ቀን ለብሳው መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ሁሉም ሕፃን እኔን ያየኛል፣ ታያት ይሆን ወይስ አታያት እያለ። ጠመኔዬን አንስቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ወንበር ላይ ለብቻዋ ነው የምትቀመጠው። ሌሎቹ አራት አራት ሆነው ተጨናንቀው፣ ከእሷ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ልቤ አልተነካም ብዬ አልዋሽዎትም። እወዳት ነበር። ግን እሷን ባየሁ ቀን ክፍሉ ይፈርስብኛል፤ ክፍሉ ከፈረሰ እኔ እፈርሳለሁ። ከሁለታችን አንዳችን መትረፍ ነበረብን፤ እኔ ደግሞ ትልቋ ነኝ።

ጠመኔ


ሚያዝያ 27

ጠመኔ፣

ሰላምታ የለኝም።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት ስሟን ጥሪ። በሁሉም ፊት፣ ጮክ ብለሽ ጥሪ። የነገርኩሽን ሁሉ ተይው። አረጀሁ፣ የሆነ ያልሆነውን ቀባጠርኩ፤ አንቺ የሽማግሌ ቃል እንደ መጽሐፍ ትይዣለሽ? ለልጄ ልነግረው አልቻልኩም። ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ማታ ከፊቴ ተቀምጦ ሲበላ አፌን እከፍትና እዘጋለሁ።

ሥጋዬ ናት። ያንቺም ናት። እግርሽ ላይ የወደቅኩ ያህል ቁጠሪው፤ በሕይወቴ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ስሟን ጥሪና «አቤት» ትበል። «አቤት» አለች ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላ ደብዳቤ አልፈልግም።

ጋሼ


ግንቦት 16

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ልጅዎ ምግብ እንደተዉ፣ ከመስኮቱም እንደማይነሱ ጽፎልኛልና አሳስቦኛል።

ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ጠዋት፣ ስም ስጠራ የሚጢጢ ተራ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ክፍሉ መቆሜን አወቀ። «አቤት» ካለች ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይመለስብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ግን ትእዛዝዎ ስለሆነብኝ ጠራኋት። ስሟን እስከ አባቷ ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ።

ዝም አለች። ቀዩን ሹራብ ለብሳ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አላኮረፈችም። ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ፤ የተጠራው ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ እሷም እስኪመልስ ትጠብቅ ነበር።

ደግሜ ጠራሁ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ያ ዶሮ ይጮህ የነበረው ልጅ ከመቀመጫው ተነሳ። በጣም ጨዋ ሆኗል፤ እጁን ሳያጣምር አይናገርም። «ቲቸር፣ እሷ የለችም» አለኝ።

ወደ ሌሎቹ አየሁ። «የለችም» አሉ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ሳይስቁ። ሚጢጢም ራሷን ነቀነቀች።

እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ግን ውሸት በእጅ ጽሑፍ ይታወቃልና እውነቱን ልጻፍልዎ። ቀለለኝ። እስክርቢቶዬን አነሳሁ፣ «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩና የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።

ተማሪዎ